አንበሳው ጋ እንገናኝ

«የት ደረስክ?»

«አንበሳው ጋ ነኝ።»

«እኔም አንበሳው ጋ ነኝ እኮ፤ የት ነው ያለኸው?»

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ የስልክ ንግግር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ የሚቀጥረው የለውም። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ አንበሳ አለ። ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ብሔራዊ ቲያትር ደጃፍ፣ ሌላ አንበሳ አለ። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት የመጡ አጎቴን ለገሃር ላይ ስጠብቅ፣ እሳቸው ብሔራዊ ቲያትር በር ላይ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ። እየሮጥኩ ስደርስ ቁጣቸውን በእኔ ላይ አላወረዱም። ቀና ብለው ድንጋዩን እያዩ፣ «ይኼ ደግሞ ምኑ ነው አንበሳ?» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን ከለገሃር እስከ ስድስት ኪሎ ያሉትን ሐውልቶች አንድ በአንድ እንድጠይቅ አደረገኝ። ማን ቀረጸህ? ለምን እዚህ አቆመህ? ማን አወረደህ? ማንስ መለሰህ? በዚህ ምዕራፍ ያንኑ መንገድ አብረን እንሄደዋለን። ዳገት ስለሆነ ቀስ ብለን።

መነሻችን ለገሃር ነው። ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ሲሟሽ ዛሬ የመጣበትን አገር የሚያስታውስለት የለም። አንበሳውም እንደ ስሙ ነው። የሠራው ጆርጅ ጋርዴ የሚባል፣ እንስሳ በመቅረጽ የታወቀ ፈረንሳዊ ነው። የቆመው በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ሲሆን፣ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት ሰንደቅ የያዘ ወርቃማ አንበሳ ነው። ቦታው ታስቦበት የተመረጠ ነው። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ የውጭ እንግዳ ከጣቢያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ጡንቻው፣ ጋማው፣ የእግሩ አጣጣል ሁሉ አንበሳ በቅርብ ያየ ሰው እጅ ሥራ መሆኑን ይናገራል። አጎቴ ይኼኛውን ቢያዩት ኖሮ ባልተከራከሩኝ ነበር።

የብሔራዊ ቲያትሩ አንበሳ የቆመው ከ25 ዓመት በኋላ፣ ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ነው። ቀራጺው ሞሪስ ካልካ ይባላል፤ ትውልዱ ፖላንድ፣ ሙያውና ኑሮው ፈረንሳይ። ቲያትር ቤቱን በነደፈው በሄንሪ ሾሜት ሕንፃ ፊት ያቆመው ድንጋይ ጡንቻ የለውም። ገላው ማዕዘን በማዕዘን ነው፣ ጋማው በመስመር ተከርክሟል፤ ከጫካ አውሬ ይልቅ ራሱ ሕንፃ ይመስላል። ያ ዘመን የአውሮፓ ቀራጮች እንስሳን እንዳለ መቅዳት ትተው ቅርጹን ወደ ማገርና ወደ መስመር የሚቀንሱበት ነበር። ቤተ መንግሥቱም ከሁለት አሥርት ዓመታት በፊት «እኛም እንደ እናንተ የጥንት ዘውድ ነን» ለማለት የጋርዴን አንበሳ እንዳስመጣ፣ አሁን ደግሞ «እኛም ዘመናዊ ነን» ማለት አምሮት ነበር። ካልካ ኋላ ቡሜራንግ የተባለ ከፋይበርግላስ የተሠራ የቢሮ ጠረጴዛ ነድፎ የቤት ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ስመ ጥር ሆኗል። ጠረጴዛውን በፎቶ ሳየው የእኛ አንበሳ ወንድም መስሎኛል፤ ሁለቱም ከአንድ ቁራጭ የወጡ ይመስላሉ።

ታዲያ ለምን ፈረንሳዮች? ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ ጀርመን፣ ዩጎዝላቭ፣ ሰሜን ኮሪያዊ እንገናኛለን። አገሩ ቀራጺ አልነበረውም ወይ?

መልሱ ሁለት ፊት አለው። የደጋው ክርስቲያን ጥበብ የግድግዳና የብራና ጥበብ ነው። ቤተ ክርስቲያን «የተቀረጸ ምስል» የሚለውን ትእዛዝ አጥብቃ ስለያዘች፣ ቅዱሳን ይሣላሉ እንጂ ዙሪያቸውን የሚዞሩባቸው ሆነው አይቆሙም። ላሊበላ ውስጥ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት የተፈለፈሉ ቅዱሳን አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከግድግዳው አልተላቀቁም። ሌላው ፊት ግን ይኼን «አገራዊ ባህል» የምንለውን ነገር ያፈርሰዋል። ጢያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው ዋካ የሚሉትን ከእንጨት የተጠረበ የሰው ምስል መቃብር ላይ ያቆማሉ፤ ጀግናው መሐል፣ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ከግራና ከቀኝ። እንግዲህ ሐውልት ማቆምን ኢትዮጵያ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ዋና ከተማዋን የሠሩት ሰዎች ሲፈልጉት ያዩት ወደ ፓሪስ እንጂ ወደ ኮንሶ አልነበረም።

የለገሃሩ አንበሳ ግን በፈረንሳይኛ አልቀረም። አማርኛ የተማረው በስደት ነው። ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ አንበሳውን ነቅላ ወደ ሮማ ወሰደችው። የተተከለበት ቦታ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም፤ በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለሞቱ ወታደሮች ከቆመው መታሰቢያ ሥር፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ፣ በቀል ሆኖ ሄደ። አንድ ቀን ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት እዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ስንት ሰው እንደገደለ በአፍ የሚተረከው በየጊዜው ይጨምራል፤ ሰነዶቹ የሚናገሩት ስለ ቁስለኞች ነው። ዘርዓይ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ቦታ አረፈ። አንበሳው ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሰ። ደርግ መጥቶ የዘውድ ምልክት ሁሉ ሲነሣ፣ ይኼንንም ሊያነሡት ነበር። አርበኞች ናቸው «ዘርዓይ የተዋጋለት ነው» ብለው ያስቀሩት። በሌላ አነጋገር፣ ለንጉሥ ክብር የቆመ አንበሳ ከንጉሡ የተረፈው አንድ ኤርትራዊ ስለተንበረከከለት ነው። ይኼ ደግሞ ከ1923ቱ ድግስ አዘጋጆች አንዱም ያላሰበው ሥራ ነው።

ከብሔራዊ ቲያትር ወጥተን ቸርችል ጎዳናን ስንይዝ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ (አንበሳ አያልቅብንም) ትግላችን ሐውልት ይነሣል። ቁመቱ 50 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በመስከረም 1977 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አገሪቱ ላይ ያን ዓመት ምን ዓይነት ረሃብ እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያሻም። የሠሩት ማንሱዴ ከሚባለው የሰሜን ኮሪያ የመንግሥት የጥበብ ማምረቻ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። በሁለቱም ወገን ያለውን የግንብ ቅርጽ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ሠራተኛው፣ ሴቷ ሁሉም አገጫቸውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ አንድ ሩቅ ቦታ ያያሉ። ፊታቸው ኮሪያዊ ይመስላል ብለው የሚቀልዱ አሉ። ቀልዱን ትቼው የሚታየኝ ዓይናቸው ነው።

እኛ አገር ሥዕል ላይ ዓይን ደንብ አለው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጥሃል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። በየዕቃ መሸጫው የሚገኘውን የአድዋ ጦርነት ሥዕል አስታውሱት። የእኛዎቹ ረድፍ በረድፍ በሁለት ዓይናቸው፣ ጣሊያኖቹ በጎን፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አይጠፋውም። ትግላችን ላይ ግን ጀግኖቹ በጎናቸው ቆመው ወደ ጎን ያያሉ። በኮሪያዎቹ የምስል ቋንቋ ወደፊት ማየት ነው፤ በእኛ አያቶች ቋንቋ ግን ሌላ ነገር ማለት ነው። ይኼን ማንም አላሰበበትም ባይ ነኝ። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ግንብ ሳያውቅ ራሱን ሲከስስ ይታየኛል።

እዚያው ግቢ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ምስል አለ፤ ረጋ ብሎ ላየው ሰው ከግንቡ ሁሉ ልብ የሚነካው እሱ ነው። ወጣቶች ናቸው።

የዚሁ ዘመን ሌላው ሥራ ሌኒን ነበር፤ አፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የቆመ፣ ካፖርቱን ነፋስ እንደያዘው አድርጎ የሚራመድ። አዲስ አበባ ወዲያው ቀልድ አወጣችለት፤ ፊቱ ወደ ቦሌ ስለሆነ «አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው» ተባለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በወጡ በሁለተኛው ቀን ሌኒን ተገነደሰ። ከሁለቱ ቀድሞ ቦሌ የደረሰው ማን እንደሆነ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

ዳገቱን ስንቀጥል ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። ፈጠን ብለን እንለፈው፤ አሪፍ ሐውልት ነው፣ ሰው ሳይኖርበት ሰውዬውን ይናገራል።

ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ጳጳስ ናቸው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ መስመር እዚያ በመሬት ውስጥ ማለፍ ስለነበረበት ሐውልቱ ከቦታው ተነሣ። ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። ክሬን ሲያነሣው ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ዝም አለ፤ እንደ ቀብር ያለ ዝምታ። አንዳንዱ አለቀሰ። መንግሥት ይመለሳል ብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አላመነም፤ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ የተመለሰ ነገር ጥቂት ስለሆነ። ብሔራዊ ሙዚየም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወራት አልፈው ነበር። ዛሬ ባቡሩ በሥሩ ያልፋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ አድርጉ። የተቀረጸ ምስል የማትወድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በታክሲ ሲያልፉ ወደዚህ ሐውልት ዞረው ያማትባሉ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከአጠገቤ ተቀምጠው ሲያማትቡ፣ «እማማ፣ ለሐውልት ይሰገዳል እንዴ?» ብዬ ነበር፣ እንደ ቀልድ። «ለሐውልቱ መች ሰገድኩ፤ ለደማቸው ነው እንጂ» አሉኝ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሰማኝ መሰለኝና አፈርኩ።

ስለ ታክሲ ካነሣን፣ የከተማው ትልቁ የሕዝብ ማሳያ ግድግዳ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከበሩ በላይ፣ ኋላ መስተዋት ላይ የሚለጠፉት ጥቅሶች ስለ ብድር፣ ስለ ምቀኛ፣ ስለ አማች፣ ስለ ሂሳብ የሚሉትን ያላነበበ የለም። ማርያም፣ የመካ ምስል፣ ቦብ ማርሌይና አርሴናል በአንድ መስተዋት ላይ ሳይጣሉ ይጓዛሉ። ሐውልት ለማቆም ኮሚቴ ሲሰበሰብ ዓመት ይፈጃል፤ ታክሲው ግን ማን ይታይ የሚለውን በአንድ ከሰዓት ይወስናል።

በእጅ የሚሣለው የሱቅ ሰሌዳም እንዲሁ ነበር። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ያለው በሬ፣ ሻኛው ከገላው የሚበልጥ፣ አንገቱን ወደ መንገደኛው ያዞረ፣ በሁለት ዓይኑ። (አዎ፣ ጻድቅ ነው፤ ሊበላ እኮ ነው።) ጸጉር ቤቱ ላይ አንገት የሌላቸው ቆንጆዎች፣ ልብስ ሰፊው ላይ ከልብሱ የሚረዝም መቀስ። እነዚህን ከፒያሳ ጀርባ ወደ ዶሮ ማነቂያ ስወርድ ቆሜ አያቸው ነበር። መጀመሪያ የኅትመት ባነር አባረራቸው። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ራሱ ፈረሰ። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የቀሩት ሕንፃዎች ወጥ ቀለም ተቀቡ፤ ንጹሕ ነው፣ ለእግረኛም ይመቻል፤ እኔ ግን በሬውን ነው የምናፍቀው።

ከዚያ ምኒልክ አደባባይ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሥቷል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ላዩ ላይ ናቸው። ሐውልቱን የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፤ የተመረቀውም ከዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ኢጣሊያኖች ሲገቡ ይኼን በቀን ለማውረድ አልደፈሩም። በሌሊት አውርደው ደበቁት፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ቀን የሚያስፈራ ሐውልት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ይኼን ሐውልት ሁሉም በአንድ ዓይን አያየውም፤ ያንን መደበቅ የመንገድ መሪ ሥራ አይደለም። ለአንዱ የአድዋ ድል አድራጊ ነው። ለሌላው አያቱን ያስገበረው ነፍጥ ነው። የካቲት 23 ቀን ጎፈርና ጋሻ ይዘው የሚያቅራሩበት ሰዎች አሉ፤ ያን ቀን ሌላ ሰፈር መዋልን የሚመርጡም አሉ። ሁለቱም የዚህ ከተማ ሰዎች ናቸው። ክርክሩ በአፍ ብቻ እንደማይቀርም ታይቷል። ሐረር ላይ በፈረስ ተቀምጠው የነበሩት የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሁከት መካከል ፈርሷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ ፒያሳ የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ አንዱን ፈረሰኛ በብዙ ፈረሰኞች ሊመልሰው የሞከረ ይመስለኛል፤ ከየአቅጣጫው የዘመቱ አዝማቾች ሐውልቶች አሉበት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ለማየት ትኬት ይቆረጣል፤ ምኒልክ አደባባይ ደግሞ ለሊስትሮውም ነጻ ነው።

ከዚህ ታክሲ እንያዝ። ስድስት ኪሎ።

ከአዲስ አበባ ሐውልቶች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የካቲት 12ን እመርጣለሁ። 28 ሜትር ቁመት ያለው ነጭ ሐውልት ነው፤ ዙሪያውን የነሐስ ቅርጽ አለው። የሠሩት ሁለት ዩጎዝላቮች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። አውጉስቲንቺች ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለችውን የሰላም ፈረሰኛ የቀረጸ ሰው ነው፤ የሐረሩም ራስ መኮንን የእሱ እጅ ነበር። ከሩቅ ስታዩት ተራ ትክል ድንጋይ ነው፤ አክሱምን የሚያስታውስ። ጠጋ በሉ። ነሐሱ ላይ ያለው ሰልፍ ወይም ድል አይደለም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቱ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማው ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ነው። የሚወድቅ ሰው፣ የሚቃጠል ቤት፣ የሚያነሣው ያጣ አስከሬን፣ ከዚያ ቀብር።

የውጭ አገር ሰው የሠራው መሆኑ እዚህ አይሰማኝም፤ ምክንያቱንም አስቤበታለሁ። ዩጎዝላቪያ ራሷ በኢጣሊያ ጦር የተወረረች አገር ናት። መንደር ሲቃጠል ምን እንደሚመስል እነዚህ ቀራጮች ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ጋርዴ የላከልን አንበሳ ነው፤ ማንሱዴ የላከልን ሰልፍ ነው። ሁለቱ ዩጎዝላቮች ግን ያመጡት የራሳቸውን ኀዘን ነው፣ ከእኛው ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው እዚያ ሲቆሙ፣ ሐውልቱን «የዩጎዝላቮች ሥራ» የሚለው የለም። እኔም የነገርኳችሁ ምዕራፉ ስለሚያስገድደኝ ነው።

መንገዱን ሲሻገሩ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አቅራቢያ፣ ካርል ማርክስ አለ። ምሥራቅ ጀርመናዊው ዮ ያስትራም ከቀይ ድንጋይ የጠረበው ግዙፍ ራስ ነው፤ ከትግላችን ጋር በአንድ ወቅት የቆመ። ሌኒን ሲወድቅ ይኼን የነካው የለም። አንድ ግንባር፣ አንድ ጺም፣ የሚራመድ እግር የለው፣ የሚጠቁም እጅ የለው፤ ምኑ ላይ ገመድ ያስሩበታል?

ባለፈው ክረምት እዚያ አካባቢ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሊስትሮ ልጅ ጋር ዛፍ ሥር ተጠለልን። ጫማዬን ሳይሆን ድንጋዩን እንደማይ ሲያይ ፈገግ አለ።

«ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት።

ጺሙን ትንሽ አጠናው። «ቄስ ናቸው መሰለኝ» አለ። «የድሮ።»

ከዚያ ብሩሹን አራግፎ፣ «እግርህን አምጣ፣ አባራ» አለኝ።